የጳጳሱ ማድ ቤት የት ነበር?

ሰኞ

ማድ ቤቱ እምቢ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሳልኩት፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አዳራሹ ቆሟል። ጣራው ተከድኗል። ትንሿ ጸሎት ቤት ጥጓን ይዛ ተቀምጣለች። ማድ ቤቱን ግን ፕላኑ እንደሚለው ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር ሳጣብቀው ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ይደፈናሉ። ያን የሚያህል መስኮት አሠርቶ መልሶ በማድ ቤት የሚደፍን ምን ዓይነት ሰው ነው?

ቤቱ ራሱ የለም። ከፈረሰ ዘመን አልፎታል። እንግሊዝ አገር፣ አንዲት ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ውስጥ የአንድ ጳጳስ መኖሪያ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ የመኪና ማቆሚያና አንድ ጫማ ቤት ነው ያለው። የከተማዋ ሙዚየም "እንደነበረ አድርገሽ ሳይልን" አለኝ። የሐረርን አሮጌ ቤቶች በኮምፒውተር ስዬ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩትን አይተው ነው ያገኙኝ። ይኸው ድሬዳዋ ያደገችው ሆዳን፣ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ የፈረንጅ ጳጳስ ቤት ትሠራለች። ለእማዬ በስልክ ስነግራት፣ "ቢስሚላህ እያልሽ ሳዪ" አለችኝ።

በእጄ ያለው ይህ ነው፦

በእጅ የተሠራ አንድ ፕላን።

የአንድ ግድግዳ ፎቶዎች። ጫማ ቤቱ ጓሮ በኩል የቀረ፣ ምድጃ ያለው ግድግዳ። ከዚያ ሁሉ ቤት የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

የጳጳሱ መጋቢ፣ ማለት የቤታቸው ኃላፊ፣ ለጳጳሱ የጻፈው ደብዳቤ፤ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ።

"የጳጳስ መውረጃ" የምትባል የአንዲት ቀጭን መንገድ ስም።

ሁሉንም የላኩልኝ ሚስተር ኮሊን ናቸው። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ። ሠላሳ ዓመት ይህን የሌለ ቤት ሲያጠኑ ኖረዋል። ፕላኑም የሳቸው ነው። ኢሜይላቸው በዝናብ ወሬ ይጀምርና በዝናብ ወሬ ያልቃል።

እሁድ ለሙዚየሙ ኮሚቴ በቪዲዮ አቀርባለሁ። ከወደዱት አሮጌውን ከተማ በሙሉ እንድስል ይሰጡኛል። ካልወደዱት እንጃ። እሠራበት ከነበረው የኮንትራክተር ቢሮ በገዛ ፈቃዴ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። እዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቪላ ነው የሳልኩት፤ ቀለሙን ብቻ እየቀያየርኩ። መመለስ አልፈልግም። ወላሂ አልፈልግም።

የዛሬ ድል፦ የአዳራሹ ጣራ ወራጆች። ሲያምሩ!

ማክሰኞ

ነጂባ ከሥራ በፊት ገብታ ስክሪኔ ፊት ተገተረች። ነጂባ ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየች የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ታች መንገዱ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ይህን ደብተር በዚህ ግቢ ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ናት። ግን ከማንበብ ማውራት ስለምትወድ አልሰጋም።

"ጳጳስ ገዳም አይቀመጥም እንዴ? ከተማ ለከተማ ምን ያደርጋል?" አለች።

አስረዳኋት። የጳጳሱ ዋና ቤተ ክርስቲያን ሌላ አገር ነበር። ንጉሡ ሸንጎ ሲጠራ ግን ጳጳሱም ይጠራሉ። ሲጠሩ ብቻቸውን አይመጡም። ጸሐፊ፣ ቄስ፣ ዘበኛ፣ ፈረስ፣ አብሳይ፣ ከዚያ ሁሉ ጋር የሚያድሩበት ቤት ያስፈልጋቸዋል። መጀመሪያ የእንጨት ነበር። ከሳቸው በኋላ የተሾሙት ጳጳስ "ይህ ለኔ አይመጥንም" ብለው በድንጋይ አሠሩት። ሦስተኛው አትክልት ቦታ ጨመሩበት፣ እስከ ወንዙ የሚወርድ።

"ሱልጣን በያቸዋ!" አለች ነጂባ።

"ጳጳስ ናቸው።"

"ሱልጣን ናቸው። ኋላስ?"

ኋላማ ሃይማኖቱ ተለወጠ፣ ንጉሡ ቤቱን ወሰደው። ለአንድ ባላባት ሰጠው። ባላባቱ አከራየው። አዳራሹ እየተከፋፈለ የደሃ መኖሪያ ሆነ፣ ከወንዙ በኩል ያለው ጫፍ የቢራ መጥመቂያ ሆነ። ከዚያ እሳት ተነሣ። ከእሳት የተረፈውን ሰው በጋሪ እየጫነ ወሰደው።

ይህን ስናወራ ኤዶ ፋዱማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ኤዶ የምንላቸው አክስቴ እንደማለት ነው። አማርኛ አይሰሙም። በሶማልኛ "ይህ የማን ቤት ነው?" አሉኝ።

"ፈረንጅ አገር ያለ የቄስ ቤት ነው ኤዶ። የቄሶች አለቃ። ፈርሷል።"

ሌላ ሰው ሁሉ ይህን ስነግረው "መቼ ፈረሰ?" ነው የሚለኝ። ኤዶ ቀረብ ብለው ስክሪኑን አዩና፣ "ድንጋዩን ማን ወሰደው?" አሉ።

የከተማው ሰው ወስዶ ድልድይ ሠራበት አልኳቸው። ሚስተር ኮሊን የጻፉልኝ እንደዚያ ነው።

"ድልድይ ደግ ነው" አሉ ኤዶ። "የኔን ጣራ የወሰደው ምን እንደሠራበት እስካሁን አላወቅኩም።"

ነጂባ ምን አሉ ምን አሉ ትለኛለች። ወዲያው አልተረጎምኩላትም።

ረቡዕ

ዛሬ ብዙ ነገር ሆነ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ኤዶ ጠዋት ሻሂ ይዘው መጡ። ወተቱ የበዛበት፣ ቅርንፉድ ያለበት። አስቀመጡልኝና አልሄዱም። "የቄሱን ስትጨርሺ የኔንም ትስይልኛለሽ?" አሉ።

የሳቸው የድሮ ቤት ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል የዚሁ ከተማ ሰፈር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጥለውት ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ሲመለሱ ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ ቀርቶ አገኙት። ጣራ የለ፣ በር የለ፣ የመስኮት ብረት የለ። ፎቶ የላቸውም። አንድም።

ስክሪኑ ላይ አዲስ ፋይል ከፈትኩና "እሺ፣ ሳሎኑ ስንት ሜትር ነበር?" አልኳቸው።

እንደ ሞኝ አዩኝ። "ሜትሩን እኔ ምን አውቄ! ሰውየው፣ ባሌ ነው ያሠራው።"

"ታዲያ በምን ልሳለው ኤዶ?"

አሰቡ። ተነሡ። የሻሂውን ትሪ በሁለት እጃቸው ያዙና ክፍሌ ውስጥ መሄድ ጀመሩ። "ከማድ ቤት እወጣለሁ። ደፉ ላይ እግሬን አነሣለሁ፤ ካላነሣሁ እወድቃለሁ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ አለ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ውሃ ጋኑን በግራ አልፋለሁ። ሃያ ሁለት እርምጃ። ሃያ ሁለተኛው ላይ እንግዶቹ ይሰሙኛል፣ ሰውየው ይስላል። ገባሁ።"

"ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ያን ያህል ይርቃል?"

"አይራቅና ታዲያ! ማድ ቤትን ሳሎን ላይ የሚያጣብቅ ማነው? ጭሱስ? እሳቱ ቢነሣስ? እንግዳ ፊት ሽንኩርት ይከተፋል?"

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ኤዶ ያሉት የራሳቸውን ቤት ነው። እኔ ግን ያሰብኩት የጳጳሱን ነው።

እሳቸው እንደወጡ የመጋቢውን ደብዳቤ አወጣሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ግን እንደ ጌጥ ነበር ያነበብኩት። መጋቢው እያማረረ ነው። ዝናቡ ሲመጣ አሳላፊዎቹ በስብሰው ወደ አዳራሹ ይገባሉ ይላል። ሾርባው ውሃ ገብቶበት ይቀጥናል። ባለፈው እሁድ አንዱ ጭቃው አንሸራቶት ከነዓሣው ወደቀ፣ ዓሣውን ውሻ በላው። ጌታዬ ፈቃድዎ ከሆነ ለመተላለፊያው ጣራ ይደረግለት።

ሚስተር ኮሊን ዳር ላይ በእርሳስ "በአትክልቱ ቦታ የተደረገ ግብዣ ይሆናል" ብለው ጽፈዋል። ግን "ወደ አዳራሹ ይገባሉ" ይላል እኮ! ማድ ቤቱ ከአዳራሹ ጋር ቢጣበቅ አሳላፊ ዝናብ ከየት ያገኘዋል?

ከዚያ የጫማ ቤቱን ምድጃ ፎቶ አሰፋሁ። ሚስተር ኮሊን "የማድ ቤቱ ምድጃ" የሚሉት ነው። ጠርዙ ላይ ቅጠል ተቀርጾበታል፤ ወይን የሚመስል ቀጭን ቅጠል። ከጎኑ በመስኮት ሥር የድንጋይ መቀመጫ አለ። ለወጥ ሠሪ ማን ቅጠል ይቀርጻል? ማንስ ወጥ ሠሪ እግሩን ዘርግቶ እንዲቀመጥ ይፈልጋል?

ነጂባን ጠርቼ አሳየኋት። "ይህ ማድ ቤት ይመስልሻል?"

"እልፍኝ ነው" አለች ሳታመነታ። "ጌታው ብቻቸውን ገብተው የሚሞቁበት።"

እልፍኝ! ቃሉ ጠፍቶኝ ነበር። እልፍኙን ጠበብ አድርጌ አዳራሹ ጫፍ ላይ አስገባሁት። መስኮቶቹን ሳይነካ ልክክ አለ። ማድ ቤቱን ግቢውን አሻግሬ አቆምኩት። ከሳምንት ወዲህ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚኖርበት መሰለ።

ደስ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ። ይህን ለሚስተር ኮሊን ማን ይነግራቸዋል?

ሐሙስ

ኢሜይሉን ስድስት ጊዜ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው በጣም ረጅም ነበር። ሁለተኛው ይቅርታ የበዛበት። ሦስተኛውን ሳነበው የኮንትራክተሩን አለቃዬን መሰልኩ። አራተኛውና አምስተኛው አይነሡ።

ነጂባ ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። "ተይው" አለችኝ። "ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የለፉበትን አንቺ በሦስት ቀን ልታፈርሺባቸው ነው? እንዳሉሽ ሳዪና ሥራሽን ያዢ።"

"ስህተት እንደሆነ እያወቅኩ?"

"ቤቱ የለ፣ ጳጳሱ የሉ። ማን ይከስሻል?"

ልክ ናት። ማንም አይከሰኝም። ለዚህ ነው የከበደኝ።

ግን ቅጠሉ ዓይኔ ላይ አለ። መጋቢው ጭቃ ላይ ቆሞ አለ። አሁን የማድ ቤቱን ጣራ መልሼ አዳራሹ ላይ ብለጥፍ ራሴን ነው የምዋሸው። ቪላውን ቀለም እየቀየርኩ "አዲስ ዲዛይን ነው" ስል የኖርኩትስ አይበቃም?

ስድስተኛው አጭር ሆነ። ያየሁትን፣ ደብዳቤው የሚለውን፣ ምድጃው ላይ ያለውን ቅጠል። መጨረሻ ላይ፣ "አከራዬ ማድ ቤት ከእንግዳ መራቅ አለበት አሉኝ፤ ነገሩን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው" ብዬ ጨመርኩ። ሁለቱንም ስዕሎች አያያዝኩ። የከሰዓቱን፣ የዐስርን ሶላት ሰግጄ ላክሁት።

መልስ የለም።

በየአምስት ደቂቃው ስልኬን አያለሁ። መልስ የለም።

ዓርብ

መልስ የለም። ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን መሆኑን እዚያ ያለ ሰው አያውቅም፤ ለነሱ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ሆን ብለው ነው ያልመለሱት። ወይም ታመዋል። ወይም በኔ ምክንያት ታመዋል። ያ አላህ!

ኤዶ ፊቴን አይተው፣ "ተነሺ፣ ቤቴን አሳይሻለሁ" አሉ። ነጂባም ዓርብ ስለማትሰፋ ተከተለችን። ሦስታችን አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቀን ማሕሙድ ሃይቤ ሄድን። ኤዶ በፌስታል ትሪ ይዘዋል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ፌስታሉን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

ቦታው ላይ የድሮውን የሚመስል ነገር የለም። ግማሹ ቀጭን መንገድ ሆኗል፤ ግማሹ ላይ አንድ ፋርማሲና ሰማያዊ በር ያለው መኖሪያ ቤት አለ። ኤዶ ግን አልተደናገጡም። ግራ ቀኝ አዩ፣ ወደ ተራራው አዩ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሱ። "ማድ ቤቱ እዚህ ነው" አሉና ትሪውን አወጡ። ከሰማያዊው በር ቤት የወጣች ሴትዮ ነገሩን ስትሰማ ትሪ ባዶውን አይያዝም ብላ ሦስት ብርጭቆ ሻሂ ቀድታ ደረደረችበት። ማሻአላህ፣ እኔ ምን እንደሆነ እንኳ ገና በደንብ አልነገርኳትም ነበር።

ኤዶ መሄድ ጀመሩ። መንገዱ ላይ፣ በቀን፣ ሰው እያየ። እኔ በሜትር እከተላለሁ፤ ነጂባ በአማርኛ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ስምንተኛው ላይ ኤዶ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፀሐዩ ጋ ደርሰዋል ማለት ነው። አሥራ ሦስተኛው ላይ የሌለውን ውሃ ጋን በግራ አለፉ። አንድ መኪና መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ ጥሩንባ ሊነፋ እጁን አነሣና ትሪውን ሲያይ ተወው። ሃያ ሁለተኛው እርምጃ ፋርማሲው ውስጥ፣ መደርደሪያው ፊት ለፊት አቆማቸው።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ሳሎኔ ውስጥ ነህ" አሉት ፋርማሲስቱን።

እሱም ብድግ አለ፣ "ወዓለይኩም አሰላም። እንግዲያው ይቀመጡ እናቴ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ሻሂው አልፈሰሰም። አንዲት ጠብታ። ኤዶ ተቀምጠው አንዱን ብርጭቆ ለሱ፣ ሁለተኛውን ለነጂባ ሰጡ፣ ሦስተኛውን ራሳቸው ጠጡ። ለኔ አልደረሰኝም፤ እኔ ሠራተኛ ነኝ። በሜትሩ ስለካው ርቀቱ አሥራ አንድ ሜትር ከትንሽ ሆነ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በመንገድ ላይ ስንመለስ ኤዶ ደስ ብሏቸዋል። የነጂባን ጉልበት በመዳፋቸው እየመቱ ነበር።

የሚስተር ኮሊንን ነገር ሦስት ሰዓት ያህል ረስቼዋለሁ። አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

መልስ መጣ።

"ውድ ሆዳን፣ ሐሳብሽን አነበብኩ። ፕላኑ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። እባክሽ እንደተሰጠሽ ሳይው። ኮሊን።"

ስለ ዝናብ አንድ ቃል የለም። ተናደዋል ማለት ነው።

ነጂባ "አላልኩሽም?" አላለችም። አለማለቷ ባሰብኝ። የሩዝ ሳህን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና ወደ ስፌቷ ሄደች።

ምን ላድርግ? እንዳሉት ብስል ሥራው የሳቸው ነው፣ ስህተቱም የሳቸው። ግን እሁድ "ይህ ማድ ቤቱ ነው" ብዬ የምናገረው እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። በመጨረሻ እንዲህ ወሰንኩ፦ እንዳሉት እስለዋለሁ፤ ስለ ማድ ቤቱ ግን እንዲናገሩ ለሳቸው እተውላቸዋለሁ፤ እኔ ስለ ጣራው ብቻ አወራለሁ። ፈሪነት ነው? ትንሽ ፈሪነት አለበት።

ማድ ቤቱን መልሼ አጣበቅኩት። መስኮቶቹ ተደፈኑ።

ቅዳሜ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ

ደወሉ! ራሳቸው፣ በቪዲዮ! ነጠላ ጫማዬን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ነበር፤ ጭንቅላቴን ገጭቼ ነው ያነሣሁት።

ሚስተር ኮሊን ፀጉራቸው ረጥቧል። ዝናብ።

"ዛሬ ጫማ ቤቱ ሄድኩ" አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ። "ሠላሳ ዓመት ጎብኚ እየሰበሰብኩ እዚያ ምድጃ ፊት ቆሜያለሁ። የጳጳሱ በሬ የተጠበሰው እዚህ ነው እላለሁ። ሁሉም ያጨበጭባል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ውስጡን አየሁት። በሬ? ዶሮ እንኳ ታጥፎ ነው የሚገባው!"

መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አላወቅኩም። እሳቸው ሲስቁ ሳቅኩ።

ኢሜይሌን ሲያነቡ በጣም ተናደው ነበር። አልደበቁኝም። ምሳ ላይ ባለቤታቸው "ልጅቷ ምን አለች?" ብለው ሲጠይቁ ነገሯቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ "ኮሊን፣ ቅጠል የተቀረጸበት ማድ ቤት የት አይተህ ታውቃለህ?" አሏቸው።

ይህ ብቻ አይደለም። ከጫማ ቤቱ ተመልሰው የድሮ ፎቶዎቻቸውን ሳጥን ገለበጡ። ከብዙ ዓመት በፊት በመኪና ማቆሚያው ሥር የውሃ ቧንቧ ሲቀበር ያነሡት ፎቶ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ በእሳት ብዛት የቀላ የድንጋይ ወለል ይታያል። ያኔ ጀርባው ላይ "የቢራ ጠማቂዎቹ" ብለው ጽፈውበታል። ጠማቂዎቹ ግን በወንዙ በኩል ነበሩ፤ ይህ ከግቢው ማዶ ነው። ፎቶውን ወደ ካሜራው አስጠጉልኝ። እኔ ማድ ቤቱን ያቆምኩበት ቦታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ትንሽ ወደ ቀኝ።

"ሳጥኔ ውስጥ ነበር" አሉ። "እቤቴ። ሁልጊዜ።" ድምፃቸው ቀነሰ። "ፎቶውን ባያነሡት ኖሮ እኔ ግምት ብቻ ነበረኝ" አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ከዚያ አስጨናቂውን ነገሩኝ። የሙዚየሙ በራሪ ወረቀት ታትሟል፤ ማድ ቤቱ ጫማ ቤቱ ጋ ነው ይላል። የጫማ ቤቱ ባለቤት ደግሞ መስታወቱ ላይ "የጳጳሱ ማድ ቤት" ብሎ አስጽፏል። ያ ሰውዬ የኮሚቴው አባል ነው።

"እና ነገስ?" አልኩ።

"ነገ መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ" አሉ። "የኔ ስህተት ነው፣ የኔ አፍ ይበለው።"

ማድ ቤቱን መልሼ ግቢውን አሻገርኩት። ለአሳላፊዎቹም ዝናብ ጨመርኩላቸው።

እሁድ

አለቀ። በሰላም አለቀ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ነጂባ የሰፋችልኝን አዲሱን ሻሽ አሰረችልኝ። ኤዶ ሰው እንዳይገባ ብለው የክፍሌ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ አምስት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው።

ሚስተር ኮሊን ቆሙ። ተቀምጠው መናገር ይችሉ ነበር፤ ቆሙ። "ለብዙ ዓመት የተሳሳተ ነገር ነግሬያችኋለሁ" አሉ። ደብዳቤውን አነበቡ፣ ፎቶውን አሳዩ። ከዚያ "ሆዳን፣ ቀጥዪ" አሉኝ።

ምስሉን ከፈትኩ። ከመንገዱ ገብቼ፣ በትልቁ በር አልፌ፣ ግቢው መሐል አቆምኳቸው። ዝናብ ይዘንባል። አሳላፊዎቹ ሳህን በጨርቅ ሸፍነው ይሮጣሉ፤ አንዱ ጭቃው ላይ ዓሣ ይዞ እየተንሸራተተ ነው፤ ውሻው እያየው ነው። ሰብሳቢዋ ሳቁ። አላህ ይስጣቸው፣ የመጀመሪያዋ ሳቅ የሳቸው ነበረች።

የጫማ ቤቱ ባለቤት ግን አልሳቀም። "እኔስ? መስታወቴስ?" አለ። "ሰው የሚገባው ማድ ቤቱን ለማየት ነው።"

ሚስተር ኮሊን መልስ ፍለጋ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ሳላስብ አፌ አመለጠኝ፦ "እርስዎ ጋ ያለው እኮ እልፍኛቸው ነው። ጳጳሱ ከዝናብ ገብተው እሳት ዳር ተቀምጠው ጫማቸውን የሚያወልቁት እዚያ ነው። ለጫማ ቤት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?"

ከዚያ ሰውዬው ጠረጴዛውን መታና ከት ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። በር ላይ ያሉት ኤዶ እንኳ ምን እንደተባለ ሳያውቁ ሲስቁ ይሰማኛል።

የማድ ቤቱን አዲስ ቦታ ተቀበሉት። በራሪ ወረቀቱ እንደገና ይታተማል። ፕላኑ ላይ የሚስተር ኮሊንና የኔ ስም አብረው እንዲጻፉ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁ። የከተማውን ሥራ በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስናለን አሉ። ሰብሳቢዋ "እንወስናለን" ሲሉ ፈገግ ብለዋል። ፈገግታ ውል አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ፈገግ ብለዋል።

ስክሪኑን ስዘጋ ነጂባ እልል አለች። ጎረቤት ሠርግ መስሎት ወጣ።

ሰኞ

ዛሬ የኤዶን ቤት ጨረስኩ። አሥራ አንድ ሜትር ከትንሽ፣ ደፉ፣ ውሃ ጋኑ፣ ፀሐዩ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና አሳየኋቸው።

ወዲያው እርማት ጀመሩ። ግድግዳው ነጭ አልነበረም፣ የግመል ቀለም ነበር። የማድ ቤቱ በር አጭር ነው፣ ሰውየው ሁልጊዜ ግንባሩን ይመታ ነበር። ጋኑ ላይ ክዳን አለ። ከሚስተር ኮሊን የባሱ ናቸው። አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ሲያልቅ፣ "ይኸው ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሱብሓነላህ። ይኸው ነው።"

ወዲያው ጅዳ ላሉት ታላቅ እህታቸው በቪዲዮ ደወሉ። እህትየው እዚያ ቤት ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ኤዶ ስልኩን ወደ ስክሪኔ አዞሩና፣ "አየሽው? ቤቴን አየሽው?" አሉ።

"አየሁት" አሉ እህትየው። "በሩ ግን ወደ ደረቁ ወንዝ ነበር።"

"ወደ መንገዱ ነበር!"

"ወደ ወንዙ ነበር ፋዱማ። በጠዋት ነፋሱ ይገባ ነበር፤ አቧራው ሻሂያችን ላይ።"

ወይ ጉድ! አንድ ሰዓት ያህል ተሟገቱ። ስለ በሩ ጀምረው ስለ ጎረቤቶቹ፣ ስለ አንዲት ቀንዷ የተሰበረ ፍየል፣ ኤዶ ለሠርጓቸው ስለለበሱት ድራዕ የሚባል ቀሚስ። ይጯጯሃሉ፣ ይስቃሉ፣ እህትየው አንድ ጊዜ እንባቸውን ጠረጉ። ማናቸው ልክ እንደሆኑ አላውቅም። ጳጳሱ ግን ደውላ "ተሳስተሻል" የምትለኝ እህት የላቸውም። ይህን ሳስብ የሚስተር ኮሊን ማድ ቤት፣ የኔም ማድ ቤት፣ ትንሽ ወዝወዝ አለብኝ። ለሳቸው ልጽፍላቸው ነው፤ እንደሚስቁ አውቃለሁ።

ኤዶ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

"እስቲ በሩን ወደ ወንዙ አድርጊውና ልየው" አሉኝ።

አዞርኩላቸው። ብዙ አዩት። አንገታቸውን ወደዚህ አሉት፣ ወደዚያ አሉት።

"መልሺው" አሉ።

እጄን ወደ ማውሱ ስሰድድ ያዙኝ።

"ቆይ፤ አትመልሺው።"